በሥራ ዝርዝር ላይ ያልሰፈረ ሙያ

በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሴትና የወንድ ሠራተኞች የደመወዝ እኩልነት ሲነሣ በብዛት የሚሰማው መልስ ጉዳዩ በሕግ ከተዘጋ ቆይቷል የሚል ነው፤ መልሱም በከፊል እውነትነት አለው። በአንድ የሥራ መደብ ላይ የተቀጠሩ ወንድና ሴት ነርሶች መነሻ ደመወዛቸው አንድ ነው፤ እርከን ሲጨመርም ለሁለቱም እኩል ይጨመራል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በሥራ እድገትና በክፍያ የእኩልነት መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ በአንቀጽ 42ም ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብታቸውን አረጋግጧል። ይሁን እንጂ የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣውና ኢትዮጵያ በ1999 ያጸደቀችው 100ኛው ስምምነት ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ስምምነቱ የሚጠይቀው አንድ ዓይነት ሥራ ለሚሠሩ ሰዎች እኩል መክፈልን ብቻ ሳይሆን፣ በዓይነታቸው የተለያዩ ነገር ግን በሚጠይቁት ዕውቀት፣ ድካምና ኃላፊነት የሚተካከሉ ሥራዎች እኩል እንዲከፈልባቸው፣ ማለትም እኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል ክፍያ እንዲኖር ነው። ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ይህ ሁለተኛው ክፍል ነው፤ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን በዋጋ ለማስተያየት አስቀድሞ በእያንዳንዱ ሥራ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ያሻልና፣ ከሥራው ርቆ የተቀመጠ መዛኝ ይህን በቀላሉ አያየውም።

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የጎፋ ሰፈር ጥያቄውን በሁለት ሙያዎች ላይ ለመመርመር ይመቻል። ከጎፋ ማዞሪያ እስከ ጎፋ ገብርኤል፣ ከጎፋ ካምፕ እስከ ጎፋ መብራት ኃይል ባለው አካባቢ የቆዩ የግቢ ቤቶችና የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ደመወዝተኛው፣ ነጋዴውና የቀን ሠራተኛው ይጎራበታሉ። በእንዲህ ያለ ሰፈር ውስጥ ገንዘብ ሳይጠይቁ ለማንም የሚያገለግሉ ሁለት የመንግሥት ሠራተኞች አሉ፤ አንዷ ቤት ለቤት የምትዞረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስትሆን፣ ሌላው በትምህርት ቤት ወይም በሕዝብ ንባብ ክፍል የሚሠራው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነው። ሁለቱን ሙያዎች በአንድ ሐተታ ማጣመር ያልተለመደ ሊመስል ይችላል፤ የሚያመሳስላቸው ግን ብዙ ነው። የሁለቱም ሥራ ውጤት የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ የሁለቱም ሥራ ሲሳካ ድምፅ የለውም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለቱም ማንም ሰው ሊሠራቸው እንደሚችል ተደርገው ይታያሉ፣ ደመወዛቸውም ይህን አመለካከት ተከትሎ ተወስኗል።

የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ2002 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር የተመለመሉት በክሊኒክ ነርስነት በዲፕሎማ የተመረቁ ሴቶች ነበሩ፤ በዚያ ላይ የሦስት ወር ያህል ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው እያንዳንዷ ባለሙያ 500 ያህል አባወራዎችን እንድትከታተል ተመደበች። ቁጥሩ በወረቀት ላይ ብዙ አይመስልም። በኮንዶሚኒየም ሰፈር ግን 500 አባወራ ማለት አሳንሰር በሌላቸው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች ደረጃ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ መዋል፣ ቀን ቀን የቤቱ ባለቤቶች ሥራ ላይ ስለሚሆኑ የተቆለፈ በር አንኳኩቶ መመለስ፣ ሲከፈትም ስለ ቤተሰቡ ጤና ለመናገር ሥልጣን የሌላት የቤት ሠራተኛ ብቻ ማግኘት፣ ከዚያም በሌላ ሰዓት እንደገና መምጣት ማለት ነው። ኑሮው ደህና የሆነው ነዋሪ የግል ሐኪም አለኝ ብሎ በሩን ሳይከፍት ይሸኛታል፤ ኑሮው የጠበበው ደግሞ ከምክሩ በፊት መድኃኒት ይጠይቃታል፣ እሷ ግን በቦርሳዋ የያዘችው የደም ግፊት መለኪያ፣ መዝገብና የሪፈር ወረቀት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው በመዝገብ የማይሰፍረው ክፍል ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ሕመምተኛው በሁለተኛው ወር ሳሉ ሲቀልለት መድኃኒቱን ቢያቋርጥ በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ ሊመለስ ይችላል። ያን ሰው ፈልጎ ማግኘት የባለሙያዋ ሥራ ነው፤ ፈልጋ የምታገኘው ግን ግድግዳ በሚጋሩ፣ የገባና የወጣውን በሚያውቁ ጎረቤቶች መካከል ነው። ለምን እንደመጣች ጎረቤቱ እንዳይረዳ፣ ሕመምተኛውም እንዳያፍር፣ ቤተሰቡም እንዳይደነግጥ አድርጋ ነገሩን ማንሣት፣ በማግስቱም ወደ ጤና ጣቢያው መሄዱን ማረጋገጥ አለባት። ባሏ ሳያውቅ የወሊድ መቆጣጠሪያ የምትጠይቅ ሴት፣ ኤችአይቪ በደሟ እንዳለ ለእናቷ ያልነገረች ልጅ፣ ልጁን ማስከተብ የማይፈልግ አባት፣ እነዚህ ሁሉ የሚጠይቁት የሰው ፊት ማንበብን፣ ምስጢር መጠበቅንና ቃልን መርጦ መናገርን ነው። ይህ ችሎታ በሦስት ወር ሥልጠና ብቻ አይገኝም፤ በዓመታት ይበስላል፣ ሲበስልም የሰው ሕይወት ያተርፋል። ነገር ግን በሪፖርት ቅጹ ላይ የሚሞላው የተጎበኘ ቤት ቁጥር፣ የተለካ የደም ግፊት ቁጥርና የተላከ ሰው ቁጥር ነው።

የከተማው መርሐ ግብር የተቀዳው በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረው የገጠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። በዚያ ፕሮግራም አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች በሙያ ማሠልጠኛ ለአንድ ዓመት ተምረው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ደረሰ። በእነሱ ትከሻ ላይ የተሠራው ሥራ፣ የክትባትና የቤተሰብ ምጣኔ መስፋፋት፣ የሕፃናት ሞት መቀነስ፣ ኢትዮጵያን በዓለም የጤና መድረኮች ያስመሰገነ ነው፤ ምስጋናው የተገባ መሆኑንም ማንም አይክድም። ሴቶች ብቻ እንዲመረጡ የተደረገበት ምክንያትም አሳማኝ ነበር፤ የገጠር እናት ስለ ወሊድና ስለ ገላዋ በነፃነት የምታወራው ለሴት ነው። ሆኖም ሥራው ለሴቶች ብቻ ሲሰጥ መሰላሉም አጭር ሆኖ ተሰጠ። በአንድ ዓመት ሥልጠና ደረጃ ሦስት የሚባለውን የሙያ ማረጋገጫ ያገኘችው ወጣት ወደ ደረጃ አራት የምታድግበት ሥልጠና የተከፈተላት ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ነበር፤ ከዚያ በላይ በራሷ ሙያ ወደ ዲግሪ የሚያደርስ መንገድም ለረጅም ጊዜ አልተዘረጋም። መማር የፈለገች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የነበራት አማራጭ ሙያዋን ትታ በሌላ መስክ በማታ ወይም በርቀት መማር ነበር፤ ስትመረቅም ቀበሌው ልምዷን ያጣል፣ እሷም ያገለገለችባቸው ዓመታት በአዲሱ መስክ አይቆጠሩላትም።

ከእሷ በታች ደግሞ ምንም የማይከፈላቸው ነበሩ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየመንደሩ የተደራጀው የሴቶች ልማት ቡድን አባላት ጎረቤቶቻቸውን ሲመክሩ፣ ነፍሰ ጡሮችን ሲመዘግቡና ወደ ጤና ኬላ ሲያደርሱ በበጎ ፈቃድ ነበር። በጎ ፈቃድ ክቡር ነገር ነው፤ ነገር ግን አንድ የመንግሥት አገልግሎት ያለ እሱ መቆም የማይችል ሲሆን፣ የሚሰጡትም በሙሉ ሴቶች ሲሆኑ፣ የማይከፈለው ሥራ ለሚከፈለው ሥራ ዋጋ ልክ ይሆናል። ተመሳሳይ ምክር በነፃ የምትሰጥ ሴት ባለችበት ቀበሌ፣ ባለሙያዋ ደመወዜ አነሰ ብትል ሰሚ አታገኝም።

በትምህርት ቤቱ ንባብ ክፍል የሚታየው ሌላ መልክ ያለው ተመሳሳይ ችግር ነው። በኢትዮጵያ ቤተ መጻሕፍት እንደ ዘመናዊ ተቋም ሲታይ ወጣት አይደለም፤ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት የተመሠረተው በ1936 ዓ.ም. ሲሆን ሕዝቡ ወመዘክር እያለ የሚጠራው እሱን ነው። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ከተማዋ ለሕንፃውና ለመደርደሪያው ገንዘብ ማውጣት እንደማያቅታት አሳይቷል። ከሕንፃው ጋር ያልመጣው በየሰፈሩ ባሉ ትምህርት ቤቶች ንባብ ክፍል ለሚቆመው ሰው የሚሰጠው ግምት ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍቱን የሚይዘው በድምፁ ወይም በጤናው ምክንያት ማስተማር ያልቻለ መምህር፣ አለዚያም ለሌላ ቦታ የተረፈ ሠራተኛ ነው። ልማዱ ለሰውየው የታሰበ ርኅራኄ ሊኖርበት ይችላል፤ ለሙያው ያለውን ግምት ግን በግልጽ ይናገራል፤ መደርደሪያ ጠብቆ ለመዋል ሙያ አያስፈልግም የሚል ግምት ነው።

ሙያው ምን እንደሚጠይቅ ለማየት አንድ የካታሎግ ካርድ ይበቃል። ካታሎግ ማለት በቤተ መጻሕፍቱ ያለው እያንዳንዱ መጽሐፍ በደራሲው፣ በርዕሱና በጉዳዩ ተመዝግቦ አንባቢው እንዲያገኘው የሚያስችል ዝርዝር ነው። በውጭ አገር ሥርዓት ደራሲ የሚመዘገበው በቤተሰብ ስሙ ነው፤ ኢትዮጵያዊ ግን የቤተሰብ ስም የለውም፣ ከራሱ ስም ቀጥሎ የሚጠራው የአባቱ ስም ነው። ስለዚህ ሐዲስ ዓለማየሁ መመዝገብ ያለባቸው በሐዲስ እንጂ በዓለማየሁ አይደለም፤ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ከተመዘገበ አንድ ደራሲ ሁለት ሰው ሆኖ ይቀራል። በዚህ ላይ በአማርኛ አንድ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች ብዙ ናቸው፤ ሐዲስ በሐመሩ ሐ፣ በሃሌታው ሀ ወይም በብዙኃኑ ኀ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል፣ ዓለማየሁም በዐይኑ ዓ ወይም በአልፋው አ። ኮምፒዩተሩ እነዚህን የተለያዩ ፊደሎች አድርጎ ስለሚያይ፣ አንድ ተማሪ በአንዱ ፊደል ፈልጎ መጽሐፉን ቢያጣ መጽሐፉ የለም ብሎ ይመለሳል። የትኛው አጻጻፍ ዋና እንደሚሆን መወሰን፣ ከሌሎቹም ወደ ዋናው የሚመራ ማመሳከሪያ ማስቀመጥ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ሥራ ነው፤ ይህን ለመወሰን ደግሞ የቋንቋ፣ የሥነ ጽሑፍና የሥርዓት ዕውቀት ያሻል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ስለ ዓድዋ ልጽፍ ነው ብሎ ሲመጣ ለዕድሜው የሚመጥነውን መጽሐፍ ነጥሎ መስጠትም ሌላ ሙያ ነው፤ መጻሕፍቱን ሳያነብ ይህን ማድረግ የሚችል የለም።

ባለሙያውን የሚያጋጥመው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። መጻሕፍቱ በስሙ ተፈርመው የተረከባቸው ንብረት ስለሆኑ፣ በቆጠራ ጊዜ ከጎደሉ ተጠያቂው እሱ ነው። ደመወዙ ትንሽ የሆነ ሰው የጎደለውን መጽሐፍ ዋጋ ከኪሱ እንዳይከፍል የሚያደርገው ጥንቃቄ መደርደሪያውን መቆለፍ፣ ማዋስን ማቆም፣ አዲሶቹንም መጻሕፍት በካርቶን ማቆየት ነው። ብዙ ሰው የሚወቅሰው የተዘጋ ቤተ መጻሕፍት ከፊሉ የባለሙያው ስንፍና ሳይሆን፣ ኃላፊነቱ እንደ ንብረት ጠባቂ፣ ደመወዙም በዚያው ልክ መወሰኑ ያመጣው ውጤት ነው።

ለመሆኑ ይህ ልክ እንዴት ይወሰናል? የኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ እኩል ዋጋ ያላቸው የሥራ መደቦች እኩል መነሻ ደመወዝ እንዲኖራቸው ያዛል፤ በ2010 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1064ም ይኸው መርሕ ተቀምጦ ነበር። መርሑን ለመፈጸም የተዘረጋው ደግሞ ሠራተኛው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ጄኢጂ የሚለው የሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባ ነው፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየመሥሪያ ቤቱ ተግባራዊ ተደርጓል። አሠራሩ ሠራተኛውን ሳይሆን የሥራ መደቡን ይመዝናል። የእያንዳንዱ መደብ ተግባር በቅጽ ላይ ይጻፋል፤ ከዚያም ለሚጠይቀው ዕውቀት፣ ለሚያስከትለው ኃላፊነት፣ ለሚያስፈልገው ጥረትና ለሚከናወንበት ሁኔታ ነጥብ ይሰጠዋል፤ የነጥቡ ድምርም መደቡን በክፍት የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ በሮማውያን ቁጥር ተጽፎ በሚታየው ደረጃ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ደረጃውም ደመወዙን ይወስናል። ሐሳቡ ትክክለኛ ነው፤ በዓለም ላይ የክፍያ ፍትሐዊነት የተሻሻለባቸው ብዙ አገሮች የሄዱበት መንገድም ይህ ነው። ድክመቱ ያለው ምዘናው ከቅጹ ውጭ የሆነን ነገር ማየት ባለመቻሉ ነው። ኃላፊነት በሚመሩት የሰው ብዛት፣ በሚያንቀሳቅሱት ገንዘብና ንብረት ሲለካ፣ ማንንም የማትመራውና ገንዘብ የማትይዘው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በዚህ መለኪያ የምታገኘው ጥቂት ነው፤ የአንድን ሰፈር ምስጢር መያዟ በየትኛው ረድፍ ይሞላል? የቤተ መጻሕፍት ባለሙያውም ሥራ «መጻሕፍትን ይደረድራል፣ ያውሳል፣ ይመልሳል» ተብሎ ከተጻፈ፣ ነጥቡ የሚሰጠው ለመደርደር፣ ለማዋስና ለመመለስ ነው።

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አለመሆኑ፣ ሌሎችም የፈቱት በረጅም ትግል መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። በአሜሪካ የዴንቨር ከተማ ነርሶች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከተማዋን የከሰሱት ዛፍ ከሚከረክሙ የከተማዋ ሠራተኞች ያነሰ ደመወዝ ስለሚከፈላቸው ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ሥራዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ ገበያው የወሰነውን ዋጋ አልነካም ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገባቸው። በ1981 ግን በካሊፎርኒያ የሳን ሆሴ ከተማ ሠራተኞች፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችን ጨምሮ፣ ለዘጠኝ ቀናት ሥራ አቆሙ። ከተማዋ ራሷ ያስጠናችው የሥራ ምዘና በብዛት ሴቶች የሚሠሩባቸው መደቦች ተመሳሳይ ነጥብ ካላቸው የወንዶች መደቦች ባነሰ እንደሚከፈላቸው አሳይቶ ነበርና፣ ከተማዋ ለማስተካከያ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመመደብ ተስማማች። በብሪታንያ ደግሞ የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች፣ ሁሉም ለማለት በሚያስችል ደረጃ ሴቶች የሆኑት፣ ደመወዛቸው ከፋርማሲስቶችና ከሥነ ልቦና ሐኪሞች ማነሱን በመቃወም በ1986 የጀመሩት ክርክር በ1993 በአውሮፓ ፍርድ ቤት ድጋፍ አገኘ፤ አሠሪው ልዩነቱን ከጾታ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ማስረዳት እንዳለበት ተወሰነ። ከዚያ በኋላ፣ በ2004፣ የብሪታንያ የጤና አገልግሎት አብዛኞቹን ሠራተኞቹን በ16 መለኪያዎች እንደገና ሲመዝን ከመለኪያዎቹ አንዱ የስሜት ድካም ሆነ፤ ክፉ ዜና ለቤተሰብ መንገር፣ ከሚሞት ሰው ጋር መቀመጥ፣ የተበሳጨን ሰው ማረጋጋት ነጥብ ያለው ሥራ ተብሎ ተቆጠረ። ለኢትዮጵያ ከሁሉም በላይ ትምህርት የሚሆነው ይህ መለኪያ ነው።

በኒውዚላንድ የታየው ደግሞ ድሉ እንደማይጸና የሚያስጠነቅቅ ነው። ክሪስቲን ባርትሌት የተባለች የአረጋውያን ተንከባካቢ የጀመረችው ክስ እ.ኤ.አ. በ2017 ለ55 ሺህ ያህል ተንከባካቢዎች 2 ቢሊዮን የአገሪቱ ዶላር የሚያወጣ ስምምነት አስገኘ፤ ከዚያም በተከፈተው መንገድ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ጭምር ደመወዛቸውን አሻሻሉ። በ2025 ግን መንግሥት ሕጉን ቀይሮ በሂደት ላይ የነበሩ 33 ክሶችን በአንድ ጊዜ አቋረጠ። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በ2022 ባወጡት ጥናት በጤናና በእንክብካቤ ዘርፍ ከሚሠሩት 67 በመቶው ሴቶች መሆናቸውን፣ ክፍያቸውም ከወንዶቹ በአማካይ በ24 በመቶ ያህል እንደሚያንስ አመልክተዋል፤ የልዩነቱን አብዛኛውን ክፍልም እንደ ዕድሜ፣ ትምህርትና የሥራ ሰዓት ያሉ ምክንያቶች አያስረዱትም።

በኢትዮጵያ ለዚህ የክፍያ ልዩነት መልስ ተደርጎ በብዛት የሚቀርበው ሥልጠና ነው፤ የባለሙያው ደመወዝ ያነሰው ችሎታው ስላነሰ ነው፣ ስለዚህ ይሠልጥን ይባላል። በጤናው ዘርፍ የሙያ ፈቃድ ለማሳደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰድ ግዴታ ሆኗል፤ አዲስ ተመራቂዎችም ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የፈቃድ ፈተና እንዲያልፉ ይጠየቃሉ። ሕመምተኛውን ስለሚጠብቅ ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ነርሷ የማጎልበቻውን ሥልጠና ወስዳ፣ ብዙ ጊዜም ከራሷ ኪስ ከፍላ፣ የምታገኘው ያላትን ፈቃድ አለማጣት ብቻ ነው፤ ደረጃዋ አይነካም። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በተወሰኑ ተቋማት ላሉ አመራሮቹና ሠራተኞቹ የብቃት ፈተና ሲሰጥ ብዙዎች የማለፊያውን ነጥብ አላገኙም፤ ውጤቱም የሠራተኛው ድክመት ማሳያ ሆኖ ቀረበ። ከዚያ ውጤት በፊት ለዓመታት ስለሠራበት መደብ ምን ሥልጠና ተሰጥቶት እንደነበር ግን ብዙም አልተጠየቀም።

በዚህ ላይ ሥልጠና የሚባለው ነገር በብዙ መሥሪያ ቤቶች ሌላ ትርጉም ይዟል። ለሦስት ቀን ወደ አዳማ ወይም ወደ ቢሾፍቱ የሚኬድበት፣ ውሎ አበል የሚገኝበት፣ ከወር ደመወዝ ላይ የሚደረብ ገቢ ሆኗል፤ ደመወዙ ለማያዳርስ ሠራተኛ ይህን መፈለግ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን አበል የሚከፋፈለው በችሎታ ክፍተት ሳይሆን ለቢሮው በመቅረብ ነው። ቀኑን በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የምትውለው ባለሙያ፣ ሌላ ተተኪ የሌለው የንባብ ክፍል ሠራተኛ፣ ትንሽ ልጅ ቤት ትታ ሌላ ከተማ ማደር የማትችል እናት ከዝርዝሩ ይወጣሉ። በዚህ መንገድ ለችሎታ ማሳደጊያ የተመደበው ገንዘብ ራሱ ሌላ የማይታይ የደመወዝ ልዩነት ይፈጥራል። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ደግሞ ወደ እንዲህ ያለው ሥልጠና እንኳ የሚጠራበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በዩኔስኮና በካናዳ ድጋፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት በሁለተኛ ዲግሪ ያሠለጠነው ትውልድ ነበረ፤ ነገር ግን ኢንፎርሜሽን ሳይንስ የተማረ ሰው በባንክ፣ በቴሌኮምና በዓለም አቀፍ ድርጅቶች የሚያገኘው ክፍያ የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ከሚከፍለው ጋር አይወዳደርም። ሥልጠናው ተሳካ፤ የሠለጠነውን የሚይዝ ደረጃ ስላልነበረ ግን ቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያውን ብዙ ጊዜ አላገኘውም።

ከዚህ የሚለየውን ታሪክ የሚያሳዩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው። በስደት አሜሪካ ገብተው የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ተምረው፣ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ በዚያ ብዙ ቋንቋ ባለበት መደርደሪያ ላይ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ አለመኖሩን አዩ፤ ይህን ለመሙላት የጀመሩት ጥረት በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የሾላ ልጆች ቤተ መጻሕፍትን አስከፈተ። ያን ክፍተት ያየው በሙያው የሠለጠነ፣ ልጆችና መጻሕፍት በሚገናኙበት ቦታ የቆመ ዓይን ነው። በአሜሪካ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት ሁለተኛ ዲግሪ የተለመደ መስፈርት ነው፤ ሙያው በዚህ ልክ የታሰበበት አገር ሰውየውን አሠልጥኖ፣ ደመወዝ ከፍሎ አኖረው፣ አዲስ አበባም ከዚያ ተጠቀመች። በጎፋ ንባብ ክፍል የሚቆመው ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንዲያይ የሚጠበቅበት ከሆነ፣ እንዲያይ የሚያስችለውን ትምህርትና ጊዜ ማግኘት አለበት።

በ2018 ዓ.ም. መባቻ ላይ ተግባራዊ የሆነው የደመወዝ ጭማሪ ለዚህ ሁሉ መልስ ሊመስል ይችላል። በእርግጥም የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝም ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስተያየ ግን ሌላ ነገር ያያል። የመጀመሪያው ያደገው በ26 በመቶ ሲሆን፣ ሁለተኛው በ66 በመቶ ያህል ነው፤ በሁለቱ መካከል የነበረው የ2,180 ብር ልዩነትም ወደ 5,500 ብር ሰፍቷል። ለተማረ ሰው ተገቢውን መክፈል አስፈላጊ ነው፤ ምሁራንን የሚያሰድደው ደመወዝ መሆኑም አይካድም። ይሁን እንጂ የዲግሪ ዋጋ በዚህ መጠን ከፍ ሲል፣ ወደ ዲግሪ የሚያደርስ መንገድ በሙያቸው ውስጥ ያልተከፈተላቸው ሠራተኞች የሚያጡትም በዚያው መጠን ከፍ ይላል። የደረጃ አራት የጤና ባለሙያዋና በዲፕሎማ የተቀጠረው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ከጭማሪው በፊት ከነበሩበት ርቀት የበለጠ ርቀው ተገኝተዋል። የሥልጠናና የደመወዝ ጥያቄ አንድ ጥያቄ መሆኑ ከዚህ በላይ የሚገለጥበት ቦታ የለም።

ከመንግሥት ውጭ ያለው ሁኔታ ይብሳል። በጎፋና በአካባቢው ባሉ የግል ክሊኒኮች የሚሠሩ ነርሶች የሚተዳደሩት በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው፤ አዋጁ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ወለል እስካሁን የለም። ይኸው አዋጅ ሆስፒታልና ክሊኒክን እጅግ አስፈላጊ አገልግሎት ብሎ ስለሚፈርጃቸው ሠራተኞቹ ሥራ ማቆም አይችሉም። በመንግሥት የጤና ተቋማትም በግንቦት 2017 ዓ.ም. ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄያቸው አልተመለሰም ብለው በከፊል ሥራ ሲያቆሙ የተከተለው እስር ነበር። የሕመምተኛ ሕይወት በመደራደሪያነት መቅረብ የለበትም የሚለው ክርክር ክብደት አለው፤ ሥራ ማቆም የተከለከለባቸው ሠራተኞች ግን በምትኩ የሚሰማና የሚወስን፣ ከአሠሪው ነፃ የሆነ የግልግል አካል ሊኖራቸው ይገባል። ጥያቄ ማቅረቢያው ሲዘጋ ጥያቄው አብሮ አይዘጋም፤ ባለሙያው ወደ ውጭ አገር የሚሄድበትን ወረቀት ማዘጋጀት ይጀምራል።

በጀት የለም የሚለው መልስ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የሳን ሆሴ ማስተካከያም ሆነ የኒውዚላንዱ ስምምነት በአንድ ቀን አልተከፈለም፤ በዓመታት ተከፋፍሎ ነው። ከገንዘቡ በፊት የሚመጣው ሥራ ግን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያና የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሥራ ዝርዝር፣ ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች በተቀመጡበት እንደገና ሊጻፍ ይችላል፤ ምስጢር መጠበቅ፣ ሕክምና ያቋረጠን ሰው መመለስ፣ ስምና ፊደል አስማምቶ መመዝገብ፣ ለአንባቢ መጽሐፍ መምረጥ በቅጹ ላይ በግልጽ ከሰፈሩ መዛኙ ነጥብ የሚሰጥበት ነገር ያገኛል። የስሜት ድካም በመለኪያዎቹ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለንባብ ክፍል መጻሕፍት በዓመት የሚፈቀድ መጠነኛ የጉድለት መጠን ቢወሰን፣ ባለሙያው መደርደሪያውን ለመክፈት አይፈራም። የማጎልበቻ ሥልጠና ነጥቦች ተደምረው የደረጃ እድገት ውድድር ላይ የሚቆጠሩበት ደንብ ቢወጣ፣ ባለሙያዋ የወሰደችው ትምህርት ከሠርተፍኬት አልፎ በደመወዝ መክፈያ ሰነዷ ላይ ይታያል። እነዚህ ከሲቪል ሰርቪስ፣ ከጤናና ከትምህርት ቢሮዎች ሥልጣን ውጭ የሆኑ አይደሉም፤ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ጤና ጣቢያዎችና ትምህርት ቤቶችም የራሳቸውን ሠራተኞች ዝርዝር አስተካክለው ለከተማው ለማቅረብ የሚቀጥለውን አገር አቀፍ ምዘና መጠበቅ አያስፈልጋቸውም።